ኩል፣ ወይባና የዓይን ዳር ሽብሽብ

ስለ ወሎ ዓይን ያልተዘፈነ የለም። «አምባሰል» ራሱ የተራራም፣ የወረዳም፣ የዜማ ቅኝትም ስም ነው። ያ የተዘፈነለት ዓይን አርባ ዓመት ሲያልፈው ዳር ዳሩ እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ ባለቤቲቱስ ሽብሽቡን በምን ስትከላከል እንደኖረች ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? የታሪክ ተማሪዎች ነን ስንል በ1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል ውስጥ የተፈረመውን የውጫሌን ውል እስከ 17ኛው አንቀጹ እንሸመድዳለን፤ የኩሉን ብልቃጥ ግን ታሪክ ብለን አንቆጥረውም።

ኩል ዕድሜው ከውሉ እጅግ ይበልጣል። ግዕዙ ኵሕል፣ ዐረብኛው ኩሕል ነው፤ ፈረንጅ አልኮል የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከኩል ነው ብንል የግሮሰሪ ደንበኞቻችን አያምኑንም። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በ8ኛው ምዕራፍ መኳልንና ዓይን ማሳመርን ለሰው ልጅ ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ነው ይላል። በእስልምና በኩል ደግሞ ነቢዩ ኢስሚድ የተባለውን ኩል ለዓይን ይበጃል ብለው እንደመከሩ በሐዲስ ተመዝግቧል። አንዱ የከሰሰውን ሌላው ያመሰግነዋል ማለት ነው። ወሎዬዋ ግን ሙግቱን ለሊቃውንቱ ትታ፣ ክርስቲያኗም እስላሟም፣ ትኳላለች። (ሊቃውንት ካልን ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርብ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት፣ ሴት የማትገባበት ገዳም።)

እውነቱን እንናገር ካልን ኩል ሽብሽብን አያጠፋም፤ ዓይኑን አድምቆ ዳሩን ያስረሳል እንጂ። ደግሞም ጥንታዊው ኩል ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ መሆኑ ዛሬ ታውቋል።

ቆዳን ያድሳል የሚባለው ወይባው ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና የወይባ እንጨት ይጨስበታል፤ ሙሽራዋ ወይም አራሷ ቅቤ ተቀብታ፣ ከአንገቷ በታች በጋቢና በብርድ ልብስ ተሸፍና ትቀመጥበታለች። ቀናት ሲደጋገም ገላዋ ወደ ቢጫ ይለወጥና የላይኛው ቆዳ ተገፎ ለስላሳው ይወጣል። ሱዳኖችም ዱኻን የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ግብፆችማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ለፊት ሽብሽብ ካዘዙት መድኃኒት ውስጥ ዕጣንና ሰም ይገኛል፤ ዕጣኑንም ከፑንት ምድር ያስመጡ ነበር።

የሚገርመን እዚህ ላይ ነው። ወይባ ስትገባ ጭሱ ከፊቷ የሚከለልላት ሴት፣ ማጀት ገብታ እንጀራ ስትጋግር ጭሱን በዓይኗ ትቀበለዋለች። ኩበቱ ሲጨስ ዓይኗን ታጠባለች፣ ታሻለች፣ ትጨፍናለች፤ ቆዳውም በየቀኑ በታጠፈበት መስመር ታጥፎ ይቀራል። ወይባው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ማጀቱ ግን ዕለት ዕለት። ውጭ ስትወጣ ደግሞ ፀሐይ አለ። የሐይቅ አገር ከባሕር ወለል ከ1900 ሜትር በላይ ነው፤ ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ገበሬውም ከፀሐዩ አያመልጥም፤ ጭሱ ግን ለሚስቱ ብቻ የተመደበ ነው። እንግዲህ ሽብሽብ የዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሥራ ክፍፍልም ጽሑፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሜሪካኖች ቦቶክስ የተባለውን መርፌ በ2002 እ.ኤ.አ. ለቅንድብ መሐል፣ በ2013 ለዓይን ዳር ሽብሽብ ፈቅደዋል። ጡንቻውን አስንፎ ለጥቂት ወራት ይዘረጋዋል፤ ከዚያ እንደገና መወጋት ነው። ለአምባሰል እናቶች ግን ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይቀድማል። ለሳንባም ይሆናል፤ ኩሉም በእንባ አይታጠብም።