ውይይት በቅኔ ቤትና በኰሌጅ

በኰሌጅ ክፍል መምህሩ ጥያቄ አቅርቦ ተማሪዎቹ ዝም ያሉ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ከአብነት ትምህርት የወረስነው የቃል ጥናት ነው ማለት ተለምዷል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምረው ይህ ክስ ከግማሽ የማያልፍ እውነት ሆኖ አግኝተነዋል።

በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ቃልን አጽንቶ መያዝ ዋና ሥራ መሆኑ አይካድም። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ተማሪው ቀኑን ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ጀማሪው ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው ባለ 8 ቤቱን መወድስ። ከዚያም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። መምህሩ አስቀድሞ ይሰማል፤ ቀጥሎ ምሥጢሩ የት እንደ ደከመ፣ አገባቡ የት እንደ ተሳሳተ፣ ልኩ የት እንደ ጐደለ ያርመዋል። ራሱም ሲዘርፍ ተማሪዎቹ ሰሙንና ወርቁን ለመፍታት ይከራከራሉ። እንግዲህ ወደ ውይይቱ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። የትርጓሜ ጉባኤ ግን ይህን ያህል ልቅ አልነበረም፤ «አንድም» እያለ ብዙ ፍች ጐን ለጐን ቢያቆምም፣ ፍቾቹ ከሊቃውንት የተወረሱ እንጂ ተማሪው ያመነጫቸው አይደሉም።

በካራ መንገድ ከከተማ ሲወጡ በሚገኘው በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅም በ1943 ዓ.ም. ሲከፈቱ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ተማሪው ሐሳቡንና ሰዋስዉን ባንድ ጊዜ መፈለግ ነበረበት። ለዝምታው ከቃል ጥናት ይልቅ ይህ የቀረበ ምክንያት ይመስለናል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ተማሪን ያማከለ ትምህርት ይሰጥ ተባለ፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማም መምህራንን የሚያሠለጥኑ መምህራን ራሳቸው የሚሠለጥኑበት የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተጀመረ። የሚያስገርመው ግን፣ በዚያው ሰሞን በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰቀሉ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፤ ተማሪው እጁን ቢያነሣ አይቆምለትም ነበር። ወደ ኰሌጅ የመጣውም ይኸው ተማሪ ነበር።

ወንበር አዙሮ በ5 በ5 መቧደን ብቻውን ውይይት አይሆንም፤ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ከቅኔ ቤት የሚወሰደው ጥያቄውን በዋዜማው ሰጥቶ እያንዳንዱ 2 መስመርም ቢሆን ጽፎ እንዲመጣ ማድረግ፣ መምህሩም ሰምቶ እንዲናገር ነው። ክፍሉ 50 ተማሪ ያለበት እንደ ሆነ መምህሩ ሁሉን ሊሰማ አይችልምና፣ ከበሰሉት ተማሪዎች በየቡድኑ አንድ አስነጋሪ ይመድባል።