የዊዳል ምርመራ

የዊዳል ምርመራ የአንጀት ተስቦን (ታይፎይድን) ለመለየት የሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ይፋ ካደረጉት ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። በዚያው ዓመት ማክስ ፎን ግሩበርና ኸርበርት ደረም ቪየና ውስጥ ባክቴሪያ በክትባት ከተዘጋጀ እንስሳ ሴረም ጋር ሲደባለቅ እንደሚጓጉል አሳይተው ነበር። ዊዳል ነገሩን ገለበጡት፤ ባክቴሪያው የታወቀ፣ ሴረሙ የታማሚው ሆነ።

ሳልሞኔላ ታይፊ የገባበት ሰውነት ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) ያመርታል። ባለሙያው የሴረም ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጎ የተገደለና ቀለም የተነከረ ባክቴሪያ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል እያዘነበለ ያዟዙረዋል። አንቲቦዲ ካለ ወጥ የነበረው ፈሳሽ አሸዋ የተበተነበት መስሎ ይጓጉላል። «ኦ» የሚባለው አንቲጅን (አንቲቦዲው የሚይዘው የባክቴሪያ ክፍል) ከባክቴሪያው ገላ፣ «ኤች» ደግሞ ከጅራፎቹ የሚገኝ ነው። የኦ አንቲቦዲ ብቅ የሚለው ሕመሙ ሳምንት ሊሞላው ሲል በመሆኑ ትኩሳት በጀመረ በሦስተኛው ቀን የተመረመረ ሰው «ነጻ ነህ» ሊባል ይችላል።

የሚያሳስተው ግን በአብዛኛው «ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት ነው። የቆየ ሕመም፣ ክትባት፣ ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች፣ ወባም ጭምር ሴረሙን ሊያጓጉሉት ይችላሉ። አስተማማኝ የሚሆነው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው፤ ታማሚው ግን ለሁለተኛው ናሙና እምብዛም አይመለስም።

በኢትዮጵያ ክሊኒኮች ከዊዳል ጋር አብሮ የሚታዘዘው ዌል-ፌሊክስ የተባለ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ለተስቦ (ታይፈስ) ያገለግላል። የሚገርመው፣ ተስቦን የሚያመጣው ሪኬትሲያ በምርመራው ውስጥ ጭራሽ የለም፤ በአንቲጅን የሚመሳሰለው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚተካው።

ባክቴሪያውን ራሱን ለመለየት ሥራው ተገልብጦ ወደ ግሩበር መንገድ ይመለሳል። ከደም ካልቸር የበቀለው ባክቴሪያ ዓይነቱ ከታወቀ ሴረም ጋር ይደባለቃል። ሳልሞኔላ ታይፊ የ«ኦ 9» አንቲቦዲን በያዘ ሴረም መጓጎል ይገባዋል፤ አንዳንዴ ግን «ቪአይ» የተባለው ሽፋኑ ኦውን ይደብቀዋል። ያኔ ባክቴሪያው ያለበት ፈሳሽ ብቻውን ፈልቶ ሽፋኑ ሲወልቅ ከሴረሙ ጋር ይጓጉላል። ካውፍማን-ዋይት በሚባለው ምደባ በዚህ መንገድ የተለዩት የሳልሞኔላ ዓይነቶች ከ2,500 ይበልጣሉ።

የካልቸር ደም መወሰድ ያለበት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው።