በቃል ያለ ይረሳል፤ ስለ ገበጣ፣ ስለ ሰንጠረዥና ስለ ጨዋታ መዝገብ



ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን መካከል አንድ ታላቅ አባት ቀብረን ተመለስን። በሠልስቱ ማታ እንደ ልማዳችን ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስበን ሐዘንተኛውን ስናጫውት፣ ከልጆቻቸው አንዱ የአባቱን ገበጣ ከጓዳ አወጣው። እኚህ አባት በሠፈሩ የታወቁ ገበጣ ተጫዋች ነበሩ። ከእኛ ውስጥ ስንቶቻችን ነን ከእሳቸው የተማርነው! እንግዲህ እሳቸውን ለማሰብ ሁለት ሰዎች ተቀመጡና ጨዋታው ተጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ክርክር ተነሣ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ፣ ከፊት ለፊቷ ያለው የባላጋራ ጠጠር ይበላል ወይስ አይበላም? አንደኛው «ይበላል፤ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አለ። ሌላው ደግሞ «ኧረ በጭራሽ! እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል» ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ የእድሩ ዳኛ ጣልቃ ገቡና «ምን ያጨቃጭቃችኋል፤ ባለቤቱ ይጠየቁ» ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ባለቤቱን ከቀበርናቸው ሦስተኛ ቀናችን ነበርና።

ያን ማታ የገባን ነገር ይህ ነው። የእድራችን መዝገብ ስንት ወንበር፣ ስንት ብረት ድስት፣ ስንት ድንኳን እንዳለን ልቅም አድርጎ ይነግረናል። ወርኀዊ መዋጮውን ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለም ይነግረናል። አባቶቻችን በቃል ይዘውት የሚኖሩትን ነገር ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንለትም። ሰውየው ሲቀበር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፣ የጨዋታ ሕግ እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚተርፍ ከታሪክ ያገኘነውን ለማካፈል ወደድን። «ደግሞ ጨዋታ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምናለን።

ገበጣ አንድ ጨዋታ አይደለም

ብዙዎቻችን ገበጣ ሲባል የምናስበው በልጅነታችን የተማርነውን ብቻ ነው። የእኛ ትክክል፣ የጎረቤት ወረዳው ደግሞ ስሕተት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር ያለው አለ፤ ድምሩ 48 ጠጠር ይሆናል። ሦስት ረድፍ ሆኖ 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም 3 ጠጠር ያለው አለ፤ ይኸኛው 54 ጠጠር ይፈልጋል። ይህ ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይታወቅም። ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ብለን አርባ ምንጭን ካለፍን በኋላ በምናገኛቸው በኮንሶዎች ዘንድ ደግሞ ላምላሜታ የሚባል አለ። ሁለት ረድፍ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም 2 ጠጠር አለ። ስሙም «ጥንድ ጥንድ» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ላምላሜታም 24 ጉድጓድ በ2 ጠጠር ሲባዛ 48 ነው። የባለ 12 ጉድጓዱም 48 ነው። ጠጠሩን በከረጢት ቢያገኙት የየትኛው ጨዋታ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጉድጓዱን ቢያገኙትም ከየትኛው ተጀምሮ ወዴት እንደሚዞር፣ ምን ሲሆን እንደሚበላ ጉድጓዱ አይናገርም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በጥንታውያን የአክሱም ዘመን ቦታዎች በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ረድፍ ረድፍ ጉድጓዶች አሉ። ሊቃውንት የገበጣ ዓይነት ጨዋታ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ድንጋዩ ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ሕጉ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር ሄደ። ዕቃው ተረፈ፤ ጨዋታው ጠፋ ማለት ነው።

አንድ ሰው ከመቶ በላይ ጨዋታ ጻፉ

የአገራችንን ገበጣ በሰፊው መዝግበው ያቆዩልን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 በእንግሊዝ አገር ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ከሲልቪያ ፓንክኸርስት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በነገሥታትና በጦርነት ታሪክ ላይ ብቻ ቢወሰኑ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን የገበያውን፣ የበሽታውን፣ የረኃቡንና የጨዋታውንም ታሪክ ጻፉ።

እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው፣ እናታቸው ባቋቋሙት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ረዥም ጽሑፍ አወጡ። በዚያ ጽሑፍ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ገለጹ። ላምላሜታም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የታወቀው በዚሁ ነው። የሥራቸው ትልቁ ቁም ነገር የገበጣዎቹ ቁጥር ብቻ አይመስለንም። «ትክክለኛው ገበጣ ይህ ነው» ብለው አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም። የዚህ ቦታ ሰዎች እንዲህ ይጫወታሉ፣ የዚያኛው ቦታ እንዲህ ይጫወታሉ ብለው ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀመጡ እንጂ። ፕሮፌሰሩ በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የጻፉት ግን ይኸው አለ።

ያልተጻፈው ምን ይሆናል? የሰንጠረዥ ነገር

ያልተጻፈ ወይም ዘግይቶ የተጻፈ ጨዋታ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችን ሰንጠረዥ ይበቃል። ዛሬ ልጆቻችን ቼዝ ብለው የሚጫወቱት ከውጭ የመጣው ነው። ኢትዮጵያ ግን የራሷ ሰንጠረዥ ነበራት። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል።

ይህ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ በብዙ ነገር ይለያል። ገበታው ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተቀባ ሳይሆን በጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነበር። ከንጉሡ አጠገብ ፈርዝ የሚባል አለ፤ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ገበታውን ሁሉ የሚያካልል ሳይሆን አንድ እርምጃ ብቻ በሰያፍ የሚሄድ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደ ቻለ፣ በአንድ ጊዜ ይገሰግሳሉ። አንዱ የሌላውን ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ደግሞም በፈረስ ወይም በግንብ ከማሸነፍ ይልቅ በደካማ ቁራጭ ማሸነፍ የበለጠ ያስከብር ነበር። በዓለም ላይ ሰንጠረዥን በወረራ የሚጀምር ሌላ አገር መኖሩን አልሰማንም።

ታዲያ የት ገባ? ፓንክኸርስት እንደሚሉት ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጠፋ። ይጫወቱት የነበሩት መኳንንት ከፊሉ በጦርነት አለቁ፣ ከፊሉ ተሰደዱ፤ ሲመለሱም ጊዜው ተለውጦ ነበር። ዛሬ ስለ እሱ የምናውቀው እንደ ሶልት፣ እንደ ቆንሲል ፕላውደንና እንደ ማርሴል ኮኸን ያሉ የውጭ ሰዎች በጻፉት፣ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 አሰባስበው ባቀረቡት ነው። እነዚያ መንገደኞች የመኳንንቱ እንግዶች ስለ ነበሩ በብዛት የጻፉት በመኳንንቱ አዳራሽ ያዩትን ነው። የባላገሩን ልጅ ማን ጠየቀው? የእኛን አያቶች እዚህ ሁምቦ ወርዶ ማን ጠየቃቸው?

የቅርብ ጊዜም ይጠፋል፤ የኮሪያ ምሳሌ

«ይህ እኮ የድሮ ነገር ስለሆነ ነው የጠፋው፤ የአሁኑ ሁሉ በመሣሪያ ተይዟል» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ከኮሪያ አንድ ምሳሌ እናምጣ። ኮሪያን የማያውቅ የለም፤ በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የዘመቱበት አገር ነው። ያ በጦርነት የፈረሰ አገር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የራሱን የቤት ኮምፒዩተር መሥራት ጀመረ። ሳምሰንግ፣ ጎልድስታርና ዴዎ ለየቤቱ ኮምፒዩተር ሸጡ። ወጣቶችም ጨዋታ መሥራት ያዙ። ለምሳሌ ናም ኢንህዋን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1987 ለአፕል ኮምፒዩተር የሠራው፣ ትርጓሜው «የመለኮታዊው ሰይፍ ታሪክ» የሚሆን ጨዋታ እስካሁን ይነሣል።

የብዙዎቹ ጨዋታዎች ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም። የተቀመጡት በቴፕ ካሴትና በመሳሰለው ላይ ነው፤ ካሴት ደግሞ ሲያረጅ እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ከጃፓን ጨዋታ የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ የሠሪው ስም የለበትም። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ሠሪ የሚጠብቅ ሕግ በኮሪያ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1987 ነውና ከዚያ በፊት ማን ምን እንደ ሠራ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ብዙው ተረሳ ማለት ነው። ዛሬ ጨዋታዎቹን የሚወዱ ሰዎች አሮጌ ካሴት እየፈለጉ ሳይበላሽ ይገለብጣሉ፣ የማሸጊያውን ሣጥን ፎቶ ያነሣሉ፣ የዱሮ መጽሔት እያገላበጡ የሠሪውን ስምና ዓመቱን ይመዘግባሉ። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። «ይህ ተራ ጨዋታ ነው፤ ምን ያደርጋል» ቢሏቸውም አይሰሙም።

በኮምፒዩተር የተሠራው በአርባ ዓመት ከጠፋ፣ በአንድ ሽማግሌ አእምሮ ብቻ ያለው ስንት ጊዜ ይቆያል?

እኛስ ምን እናድርግ?

የእኛ ሥራ ከኮሪያዎቹ ይቀላል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ጽሑፉ ሲጻፍ ግን የሚከተለው እንዳይዘነጋ።

አንደኛ፣ ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድና ስንት ጠጠር እንዳለው ይጻፍ፤ ሥዕሉም ይሣል።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚጀምርና ጠጠሩ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደሚዞር ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻዋ ጠጠር በባዶ፣ ጠጠር ባለበትና በባላጋራ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ምን እንደሚሆን ለየብቻ ይጻፍ። ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ጨዋታው መቼ እንደሚያበቃና አሸናፊው እንዴት እንደሚታወቅ ይነገር።

አምስተኛ፣ የየነገሩ ስም በወላይትኛ እንደሚነገረው ይቀመጥ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በቋንቋችን መጻፍ አዲስ ነገር አይሆንብንም።

ስድስተኛ፣ የነገረን ሰው ከማን እንደ ተማረ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደ ተጫወተው፣ የተጻፈበትም ቀን ይመዝገብ። ያለዚህ ጽሑፉ ወሬ ይሆናል።

ሰባተኛና ዋነኛው፣ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ሁለቱም ቃል ይጻፍ። አንዱን አሸናፊ ለማድረግ አንቸኩል። በአንድ አገር ከመቶ በላይ ገበጣ ካለ፣ በአንድ ሠፈር ሁለት ቢኖር ምን ይገርማል? የቀበርናቸው አባትም አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ አስተምረው ሊሆን ይችላል። ወይም በወጣትነታቸው በአንዱ፣ ከሸመገሉ በኋላ በሌላው ተጫውተው ይሆናል። ጠይቀን ብንጽፍ ኖሮ እናውቅ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እድር ሰው ሲሞት ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር ነው። ሆኖም ከሰው ጋር መቀበር የሌለበትን ነገር ማስቀረትም ከእድር ሥራ የሚርቅ አይመስለንም። ሽማግሌና ወጣት፣ ጠበላ የሚኖረውና ወደ አባያ በኩል ያለው ገበሬ በአንድነት የሚቀመጥበት ከለቅሶ ድንኳናችን ሌላ የት አለ? መጠየቅም መጻፍም የሚቻለው እዚያ ነው።

ስለዚህ ከመዋጮው መዝገብ አጠገብ አንድ ደብተር በጸሐፊው እጅ ተቀምጧል። የሚያውቁትን ለማስጻፍ የሚፈልጉ ሁሉ፣ ገበጣም ይሁን በጊፋታ ሰሞን የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ፣ በወርኀዊው ስብሰባ ቀን ቀደም ብለው ይምጡ። እናቶችም እንዳይቀሩብን። የመጀመሪያው ገጽ ተጽፎበታል። ያን ማታ የተከራከሩት ሁለት ሰዎች ናቸው ያስጻፉት፤ አንደኛው ይበላል ብሏል፣ ሌላው ተራው ያልፋል ብሏል። ከሥሩ ሁለቱም ከማን እንደ ተማሩ ተጽፏል፤ የአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ ሰፍሯል። ሁለቱም ፈርመውበታል።