መጋዘኑ ሥራውን ሲረከብ

ለመሆኑ የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ሆስፒታል መረጃ የሚቀመጠው የት ነው? ብዙዎቻችን «ኮምፒዩተር ውስጥ» ብለን እናልፈዋለን። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ግን የሚያስላው ሰርቨርና መረጃው የሚያርፍበት የዲስኮች መጋዘን፣ ማለትም ስቶሬጅ፣ የተለያዩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ኔትወርክ ነው።

ቨርቹዋላይዜሽን ሲስፋፋ ይህ መንገድ ተጨናነቀ። በአንድ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር ብቻ የተፈጠሩ በርካታ ኮምፒዩተሮች፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖች፣ አብረው መሥራት ጀመሩ። አንዱን ለመቅዳት ሰርቨሩ መረጃውን ሁሉ ከስቶሬጁ አንብቦ መልሶ እዚያው ይጽፈው ነበር። እህልን ከጎተራ አውጥቶ፣ ቤት አድርሶ፣ መልሶ እዚያው ጎተራ እንደ መክተት ያለ ድካም ነው።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ቪኤምዌር ካወጣው ቪስፌር 4.1 ጋር መጣ። ቪኤኤአይ ይባላል፤ ሰርቨሩ ከባዱን ሥራ ለስቶሬጁ የሚያዝበት የጋራ ቋንቋ ነው። ኢኤምሲ በዚያው ዓመት ለክላሪዮን ሲኤክስ4 ስቶሬጆቹ ያወጣው ፍሌር 30 የተባለው የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህን ቋንቋ ከሚያውቁት አንዱ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አገልግሎቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቅጂ ነው፤ ሰርቨሩ «ይህን ከዚህ ወደዚያ ቅዳ» ብሎ ያዛል፣ ስቶሬጁ በራሱ ውስጥ ይቀዳል። ሁለተኛው አዲስ ዲስክ ሲዘጋጅ ቦታውን በዜሮ የመሙላት ሥራ ነው፤ ዜሮዎቹ ሁሉ በኔትወርክ መጓዛቸው ቀረ። ሦስተኛው መቆለፍ ነው። ቀድሞ አንድ ሰርቨር የአንድን ፋይል መዝገብ ለመለወጥ የጋራውን ዲስክ በሙሉ ይቆልፍ ነበር፤ አንድ ባለጉዳይ ፋይሉን ስለፈለገ መዝገብ ቤቱ በሙሉ ይዘጋል እንደ ማለት ነው። አሁን የሚቆለፈው የተፈለገው ገጽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ውል የሚያነብ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በተስፋው ላይ ሳይሆን በቅድመ ሁኔታው ላይ ነው። ቅጂው የሚፈጥነው ምንጩም መድረሻውም በአንድ ስቶሬጅ ውስጥ ሲሆኑ ነው። ሁኔታው ካልተሟላ ሥራው በዝምታ ወደ ድሮው መንገድ ይመለሳል። ማሻሻያውን የጫነው ባለሙያ ካልለካ በስተቀር ልዩነቱን አያውቅም።

የኋላው ታሪክ ደግሞ ጥንቃቄን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ቪስፌር 5.0 ከተሰረዙ ፋይሎች የተረፈውን ቦታ ለስቶሬጁ በራሱ መመለስ ጀመረ። ጠቃሚ ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ ስቶሬጆች በወረቀት ላይ ሰፊ ቦታ ይሰጡና እውነተኛውን ዲስክ የሚመድቡት ጥቅም ላይ የዋለውን ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ስቶሬጆች ትእዛዙን ሲፈጽሙ እጅግ ስለዘገዩ ቪኤምዌር አገልግሎቱን እንዲያጠፉት ደንበኞቹን መከረ። ቀጥሎ በእጅ የሚከናወን ሆነ፤ በራሱ ወደ መሥራት የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2016 በቪስፌር 6.5 ነው። በ2014 በወጣው ቪስፌር 5.5 ሁለተኛ ማሻሻያም አዲሱ አቆላለፍ «አለሁ» ለሚለው ምልክት ጭምር ሲውል አንዳንድ ሰርቨሮች ከዲስካቸው ጋር ይቆራረጡ ነበር።

የተሰጠ አገልግሎትም ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቪስፌር 6.0 ጋር የመጣው ቪቮልስ እያንዳንዱን ቨርቹዋል ዲስክ ስቶሬጁ ለይቶ እንዲያውቀው አስችሎ ነበር። ብሮድኮም በ2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ፣ በ2025 የወጣው 9.0 ቪቮልስ ወደፊት እንደሚቀር አስታወቀ። በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ስቶሬጅ የገዛ መሥሪያ ቤት እንግዲህ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት።

ስለዚህ ማሻሻያ ሲመጣ የስቶሬጁ ሞዴልና የሶፍትዌሩ ቁጥር በተኳኋኝነት ዝርዝሩ ላይ መኖራቸው ይረጋገጥ፤ የታወቁ ችግሮች ክፍል እስከ መጨረሻው ይነበብ፤ መጠባበቂያ ቅጂው ተመልሶ እንደሚሠራ ይፈተሽ፤ መጀመሪያ ጉዳት በማያመጣ ማሽን ላይ ይሞከር። መጋዘኑ ሥራውን ቢረከብም ተጠያቂነቱን አይረከብም። የታካሚው መዝገብ ቢጠፋ የሚጠየቀው ዲስኩ ሳይሆን ሰው ነው።