ከጎብኚ በተቀበሉት ስም ፋይል የሚጠሩ ድረ ገጾች ለሰርጎ ገቦች ይጋለጣሉ

ፋይል ኢንክሉዥን በመባል የሚታወቀው የደህንነት ክፍተት፣ አንድ ድረ ገጽ የሚጠራውን ፋይል ስም ከጎብኚው ተቀብሎ ሳያጣራ ሲጠቀምበት የሚፈጠር ነው። ክፍተቱን ያገኘ ሰርጎ ገብ በሰርቨሩ ላይ የተቀመጡ ምስጢራዊ ሰነዶችን ከማንበብ አልፎ የራሱን ትዕዛዝ እስከማስፈጸም ሊደርስ ይችላል።

የችግሩ መነሻ ሥራን ለማቅለል የሚደረግ ጥረት ነው። የአንድ ድረ ገጽ ራስጌና ግርጌ በሁሉም ገጾች ላይ ተመሳሳይ በመሆኑ፣ ባለሙያው ደጋግሞ ከመጻፍ ይልቅ ለየብቻ በፋይል አስቀምጦ "ኢንክሉድ" በተባለ ትዕዛዝ ይጠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው ፒ ኤች ፒ የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን እጅግ ቀላል አድርጎታል። በዚሁ መንገድ ጎብኚው ዜና ሲፈልግ የዜናው ፋይል እንዲመጣ ስሙ በኢንተርኔት አድራሻው መጨረሻ ላይ እንዲሰፍር ይደረጋል። ይሁንና በአድራሻው ላይ የሰፈረውን ስም ማንኛውም ጎብኚ በእጁ ሊለውጠው ይችላል።

ክፍተቱ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ሰርጎ ገቡ በፋይሉ ስም ቦታ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠውን ፕሮግራም አድራሻ ይጽፋል፤ ሰርቨሩም ፕሮግራሙን አምጥቶ እንደ ራሱ ኮድ ያስፈጽመዋል። በሁለተኛው ደግሞ ሁለት ነጥብና እዝባር እየደጋገመ በመጻፍ ከድረ ገጹ ማኅደር ወጥቶ በዚያው ሰርቨር ላይ ያሉ ሌሎች ፋይሎችን ይጠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ከንባብ የማያልፍ ይመስላል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ሰርቨሮች የጎብኚዎችን መዝገብ የሚይዙ ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ ጎብኚው የተጠቀመበት ብራውዘር ስም ይሰፍራል። ስሙን የሚልከው የጎብኚው ኮምፒውተር ራሱ ነው። በመሆኑም ሰርጎ ገቡ በብራውዘሩ ስም ፈንታ አጭር የፒ ኤች ፒ ኮድ ይልካል፤ ሰርቨሩም በታማኝነት ይመዘግበዋል። ድረ ገጹ መዝገቡን የማንበብ ፈቃድ ካለው፣ ሰርጎ ገቡ የመዝገቡን ፋይል በክፍተቱ በኩል ሲጠራው ኮዱ ይፈጸማል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 የወጣው ፒ ኤች ፒ 5.2፣ በኢንክሉድ ትዕዛዝ ከውጭ አድራሻ ፋይል መጥራትን በመደበኛ አሠራሩ ከልክሏል። በድረ ገጽ ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተሰኘ ድርጅት በ2007 ባወጣው የአሥር አደጋዎች ዝርዝር ችግሩን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጦት የነበረ ሲሆን፣ በ2010 ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ይህ ግን ክፍተቱ ጠፍቷል ማለት አልነበረም፤ ክልከላው በሰርቨሩ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን መጥራትን አይመለከትምና።

በነሐሴ 2011 ማርክ ማውንደር የተባለ ባለሙያ በብሎጉ ላይ ያላስቀመጠውን ማስታወቂያ በማየቱ ባደረገው ምርመራ፣ በበርካታ የዎርድፕሬስ ገጽታዎች ውስጥ የተካተተው ቲምታምብ የተሰኘ ምስል አስተካካይ ፕሮግራም የዚሁ ክፍተት የቅርብ ዘመድ እንዳለበት ደርሶበታል። ፕሮግራሙ ከታወቁ ድረ ገጾች ብቻ ምስል እንዲያመጣ የታሰበ ቢሆንም፣ ይመረምር የነበረው የታወቀው ስም በአድራሻው ውስጥ መኖሩን ብቻ ነበር። ያንን ስም ከራሱ አድራሻ ፊት የቀጠለ ሰርጎ ገብ ያለ ችግር ያልፍ ነበር። ብዙዎቹ የድረ ገጽ ባለቤቶች ፕሮግራሙ መኖሩን እንኳ የሚያውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ከገዙት ወይም በነፃ ካወረዱት ገጽታ ጋር አብሮ የመጣ ነበርና።

አንዳንድ ባለሙያዎች ከጎብኚው በሚመጣው ስም ውስጥ ነጥብና እዝባሩን እየፈለጉ በመሰረዝ ችግሩን ለመከላከል ይሞክራሉ። ዘዴው ደካማ ነው፤ ምልክቱ በምልክት መካከል ተሰንቅሮ ከተጻፈ፣ የመካከሉ ሲሰረዝ የቀሩት ተገናኝተው ያንኑ ምልክት መልሰው ይሠራሉ። አስተማማኙ መንገድ የሚፈቀዱትን ገጾች ዝርዝር አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ ማስፈርና ከዝርዝሩ ውጪ የሆነውን ስም ሁሉ አለመቀበል ነው። የገጾቹ ቁጥር ጥቂት በሆነበት ድረ ገጽ ይህ ከአሥር መስመር ያልበለጠ ኮድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።