ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ትምህርት፤ የቤንጋል ታሪክ የሚያስተምረን

እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሁሉ የሚገጥመው አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ይኸውም ተማሪው የታላላቅ ደራስያንን ሥራ ያጥና ወይስ አስቀድሞ ማንበብን፣ መጻፍንና መናገርን ይልመድ የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ የሕንድ ተማሪዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ብዙ ደክመውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1835 ቶማስ ማኮሌይ ባቀረበው ጽሑፍ መነሻነት፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለትምህርት የተመደበው ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲውል ወሰነ። በ1844 በእንግሊዝኛ የተማሩ ሰዎች ለመንግሥት ሥራ ቅድሚያ እንዲያገኙ ተደነገገ። በ1857 የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም የእንግሊዝ ደራስያን ሥራ በፈተናው ትልቅ ስፍራ ያዘ። እንጀራው በፈተና ላይ የተመሠረተ ተማሪ ግን፣ የደራሲውን ቋንቋ ሳይረዳ ማብራሪያውን መሸምደድ ለመደ።

ይህን ችግር በቅርብ ከተመለከቱት አንዱ ማይክል ዌስት ነው። ዌስት በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲሠራ የቤንጋልን ተማሪዎች ንባብ መረመረ፤ በ1926ም በሁለት ቋንቋ ስለ መማር የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። እንደ እርሱ አስተያየት፣ ብዙው ተማሪ ትምህርቱን ሳይፈጽም ስለሚያቋርጥ፣ በየትኛውም ደረጃ ቢያቆም የሚጠቅመው ነገር ይዞ መውጣት አለበት። ፍሬው በመጨረሻ ብቻ የሚገኝ ትምህርት፣ መንገድ ላይ ለቀረው ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ዌስት ንባብን አስቀደመ፤ አዳዲስ ቃላት ጥቂት በጥቂት እየገቡ የሚደጋገሙባቸውን መጻሕፍትም አዘጋጀ። በ1953 የታተመው የቃላት ዝርዝሩ 2,000 ያህል ዘወትር የሚያገለግሉ ቃላትን ይዟል።

ይሁን እንጂ ዌስት ሥነ ጽሑፍን ከክፍል አላስወጣም። የንባብ መጻሕፍቱ በታሪክ የተሞሉ ነበሩ፤ የታወቁ ልብ ወለዶችም በቀላል ቋንቋ ተጽፈው ለተማሪው እንዲደርሱ አድርጓል። ታሪኩ ተማሪውን ወደ ፊት ይስበዋል፤ የተመጠነውም ቋንቋ ሳይሰናከል ያሻግረዋል።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ማንበብ ያልቻለ ተማሪ የሚያጣው ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ፊዚክሱንና ታሪኩንም ጭምር ነው። በሌላ በኩል፣ የሰዋስው መልመጃ ብቻ የሚሰጠው ተማሪ ስለ ምን ብሎ እንደሚያነብ ሳያውቅ ይቀራል። እንግዲህ መምህሩ መጽሐፍ ሲመርጥ፣ ነገ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ልጅ ዛሬ ምን ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።