ጥርሱ ያለቀ ሞተር

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በበረሃና በአቀበት አሳልፎ ያመጣውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ማድረሱ ነው። ሁለተኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገራቸው ነው። የመጀመሪያውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውንም ለፈተና ያህል እናስታውሰዋለን። ሁለቱን አጣምሮ የሚያይ ግን እምብዛም ነው። ለመሆኑ ያ መኪና ሲሰበር ማን ሊጠግነው ኖሯል? ያው የሚሰደበው ብረት ሠሪ እኮ ነው!

የመኪና ታሪክ እየተባለ የሚነገረን በመሠረቱ የባለቤት ታሪክ ነው፤ ማን ገዛው፣ ማን ተቀመጠበት፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር በረረ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከሌላው ወገን ልንነሣ ፈለግን፤ ከሞተሩ የፊት ክዳን ሥር ካለው፣ ከአለቀው ጥርስ። ምሳሌያችንም አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ኤ ይሁን።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአራት ምት በሚሠራ ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ቫልቮቹን በየተራቸው የሚከፍተው ካምሻፍቱ ስለሆነ ተራው ከተዛባ ሞተር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱን በጥርስ ያያይዟቸዋል፤ የካምሻፍቱ ጥርሶች ቁጥር የክራንክሻፍቱ እጥፍ ነው። ጋራዥ ውስጥ ታይሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። (ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ጣሊያንኛ ሆነው ሳለ የጊዜ ጠባቂው ስም በእንግሊዝኛ መቅረቱ ለቋንቋ ተማሪዎች የምንተወው ጥያቄ ነው።)

ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ይሁንና አርጅቶ ነበርና ገዢው ወደ ሸቭሮሌ መሸሽ ጀመረ። ሄንሪ ፎርድ ማምረቻውን ለወራት ዘግቶ በ1927 መጨረሻ ሞዴል ኤን አወጣ። አዲሱ ደንበኛ የሚፈልገው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጸጥታም ይፈልጋል። ብረት ከብረት ጋር ሲናከስ ደግሞ ይጮኻል። ስለዚህ የክራንክሻፍቱ ጥርስ ብረት ሲሆን የካምሻፍቱ በፋይበር ተሠራ። ቤልጅግ የተወለደው ሊዮ ቤክላንድ ባክላይት የተባለውን ሰው ሠራሽ ሙጫ ያገኘው በ1907 ነበር። ጨርቅ በእንዲህ ያለ ሙጫ ተነክሮና ተደራርቦ በሙቀትና በግፊት ሲጠነክር፣ እንደ እንጨት የሚቆረጥ፣ ድምፅን የሚውጥ ነገር ይወጣዋል። ጥርሶቹም ገደድ ተደርገው ስለተቆረጡ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል። ሸቭሮሌም በስድስት ሲሊንደር ሞተሮቹ ላይ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። የጥርሱ ማለቅ የሥራ ጉድለት አይደለም፤ ተመርጦ የተደረገ ነው። ለስላሳ ከጠንካራ ጋር ሲጋጠም ለስላሳው እንደሚበላ መሐንዲሶቹ አላወቁም ማለት ዘበት ነው። ጸጥታው ለመጀመሪያው ገዢ ሆነ፤ ዋጋውን የሚከፍለው መኪናውን ካረጀ በኋላ የገዛው ነው፤ ድካሙ ደግሞ የጠጋኙ። ያም ሆኖ በደሉን ብቻ ቆጥረን ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። የሞዴል ኤ ቫልቮች የቆሙት ከሲሊንደሩ ጎን ነው። ስለዚህ ፋይበሩ ድንገት ጥርሱ ቢረግፍ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር አይጋጭም። መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ ስብርባሪው ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል፣ በቃ። በ1962 ግላስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጥርስ ያለውን የጎማ ቺንጊያ በዚሁ ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ግን፣ ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቮቹ የሚጣመሙባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው። እንግዲህ መሻሻል የሚባለው ሁሉ ለጠጋኙ መሻሻል ነው ወይ?

ያለቀውን ጥርስ መለወጥ እንዴት ነው? ራዲያተሩ ይወርዳል፣ የሞተሩ ፊት ከሥር ይደገፋል፣ የፊት ክዳኑ ይፈታል። ክዳኑ ውስጥ ካምሻፍቱን ወደ ኋላ የሚገፋ ባለ ሞላ ዘንግ አለና ሲከፈት እንዳይጠፋ፣ ሲዘጋም እንዳይረሳ ነው። የጥርሶቹ ገደድ መሆን ካምሻፍቱን ወደፊትና ወደ ኋላ ሊያንሸራትተው ይፈልጋል፤ ልጓሙ ያ ሞላ ነው። ትልቁ ዳዶ ተፈትቶ ፋይበሩ ሲወጣ ታዲያ ፈተናው ይመጣል። የክራንክሻፍቱን ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ “እሱ ብረት ነው፣ ምን ይሆናል” ብሎ መተው ይቀናል። የተበላ ብረት ግን አዲሱን ፋይበር እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሁለቱ አብረው መለወጥ አለባቸው የሚባለው ለዚህ ነው። የዛሬ ሰብሳቢዎች ደግሞ በአሉሚኒየምና በፋይበር መካከል ሲከራከሩ ይኖራሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበረታል፣ ነገር ግን ያዜማል። ለእኛ ቢተዉት የሚያዜመውን እንመርጥ ነበር።

ምልክት ከምልክት ተገጥሞ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የመለኮሻውን ጊዜ ለማግኘት የፎርድ ሰዎች ያሰቡት ዘዴ ያስደንቃል። ክዳኑ ላይ አንዲት ፒን አለች። ተፈትታ፣ ተገልብጣ ትገባና ሞተሩ በእጅ ቀስ እያለ ሲዞር በጣት ትገፋለች። ካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ስትደርስ ጥልቅ ትላለች፤ አንደኛው ፒስተን ለመለኮስ ከላይ ደርሷል ማለት ነው። መሣሪያም፣ መብራትም አያስፈልግም።

ሞዴል ኤ ለብዙዎቻችን የፎቶግራፍ መኪና ነው። ቮልስን ግን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው እስከ ተሠራበት እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ሐሳቡ እዚህም ያው ነው፤ ክራንክሻፍቱ ላይ ብረት፣ ካምሻፍቱ ላይ ቀላል ቅይጥ። ልዩነቱ ቦታው ነው። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ተፈትቶ ከመኪናው ይወርዳል፤ ይህች ጥርስ ጋ ለመድረስ ግን የሞተሩ አካል ራሱ ለሁለት መከፈል አለበት። የሞተሩ አካል ሁሉ ልክ አንድ ዓይነት አይደለምና ጥርሱም በዜሮ፣ በሲደመርና በሲቀነስ ቁጥር ታትሞበት ይመጣል። ያለ ቁጥሩ የገባ ወይ ይንኳኳል፣ ወይ ይጠብቃል።

ሲገጠም አንድ ነጥብ ያለበት የካምሻፍቱ ጥርስ፣ ነጥብ ባለባቸው ሁለቱ የክራንክሻፍቱ ጥርሶች መካከል ይገባል። ጠጋኙ አንድ ጊዜ ያያል፤ ካልተማመነ ደግሞ ያያል። ከዚያ ሁለቱ ግማሾች ይዘጋሉ፤ ሞተሩ እንደገና ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ያችን ነጥብ የሚያያት የለም።